የዲሴክሽን «ሬይንካዎስ»፦ የደከመ አልበም ነው ወይስ በትክክል ያልተሰማ?

የማታ_ዜማ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ስለ አንድ አልበም ብቻ እንድናወራ ፈልጌ ነው። የስዊድኑ ሜታል ባንድ ዲሴክሽን በ2006 ያወጣው «ሬይንካዎስ»። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ይህ አልበም በተነሳ ቁጥር ወሬው ያው ነው። «ስቶርም ኦቭ ዘ ላይትስ ቤንን የሠራ ባንድ እንዴት እዚህ ደረሰ?» ይባልና ይዘጋል። እኔ ደግሞ ሰዎች በተሳሳተ ሚዛን እየመዘኑት ነው ባይ ነኝ።

ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ዲሴክሽን በ1989 ስትሮምስታድ ውስጥ ተመሠረተ። ከኖርዌይ ድንበር አጠገብ ያለች የባሕር ጠረፍ ከተማ ናት። በአንድ በኩል የኖርዌይ ብላክ ሜታል (ፈጣንና ጨለማ የሆነ የሜታል ዓይነት)፣ በሌላ በኩል የጎተንበርግ ሜሎዲክ ዴዝ ሜታል (ከባድ ሆኖ ዜማ የበዛበት)። ባንዱ ከሁለቱም ጠጥቷል። መሪው ዮን ኖድትቬይት ነው። ጊታር ይጫወታል፣ ይዘፍናል፣ ይጽፋል። በ1993 «ዘ ሶምበርሌን» ወጣ፣ በ1995 ደግሞ «ስቶርም»። ይህ ሁለተኛው ሲቀዳ ዮን 20 ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

ከዚያ ጨለማው ታሪክ መጣ። በ1997 ጎተንበርግ ውስጥ አንድ ሰው ተገደለ። ዮን በግድያው ተባባሪነት ተፈርዶበት ታሰረ። በ2004 ሲፈታ ባንዱን በአዲስ ሰዎች አቋቋመው። ሁለተኛ ጊታር ጣልያናዊው ሴት ቴይታን («ሴት» ስሙ ነው)፣ ድራም ቶማስ አስክሉንድ። «ሬይንካዎስ» የእነዚህ ሥራ ነው። አልበሙ በወጣበት ዓመት ኦገስት ላይ ዮን በ31 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። ባንዱም እዚያው ላይ አበቃ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ፍጥነቱ ወርዷል፣ ብላስት ቢት (በጣም ፈጣኑ የድራም ምት) የለም ማለት ይቻላል፣ ዘፈኖቹ ቀላል የስንኝና የአዝማች ቅርጽ ይዘዋል። ይህን አልክድም። ግን ግጥሙን ከሙዚቃው ጋር አብራችሁ ያዙት። «ስቶርም» ላይ ክረምት አለ፣ ሞት አለ፣ ሌሊት አለ። ይተረካል። «ሬይንካዎስ» ላይ ግን ትረካ የለም። ያለው ጥሪ ነው። ዮን የሚያምንባቸውን ኃይላት በስም እየጠራ ይለምናል። በሙሉ ልቡ የሚጸልይ ሰው ነው የምትሰሙት። እንዲህ ያለ ነገር አብሮ ሊባል የሚችል አዝማች ይፈልጋል። ቃሉ ጥርት ብሎ መሰማት አለበት። በ«ስቶርም» ጥድፊያ ውስጥ ማን ከማን ጋር አብሮ ይጸልያል?

እና አልበሙን እንደ «ስቶርም ቁጥር ሁለት» ሳይሆን እንደ ሥርዓተ አምልኮ ስሙት። ሌላ አልበም ይሆንላችኋል።

ስድስት_ገመድ

ወንድሜ፣ አቀራረብህ ደስ ይላል። ግን አልስማማም፤ ምክንያቴንም ከጊታሩ ልነሳ።

«ናይትስ ብለድ»ን ውሰድ፤ «ስቶርም» ላይ ከመግቢያው ቀጥሎ ያለውን። ሁለት ጊታሮች በትሬሞሎ ፒኪንግ (አንዱን ኖታ በፍጥነት ደጋግሞ በመምታት) ይሮጣሉ። አንዱ ዜማውን ይዟል፣ ሌላው ከላይ በሦስተኛ ድምፅ ይከተለዋል። ይህ የሁለት ጊታር አካሄድ ከእንግሊዙ ሄቪ ሜታል ባንድ ከአይረን ሜይደን የመጣ ነው፤ ማንም ይለየዋል። ከሥር ድራሙ ያብዳል። አሁን ድራሙን ከጭንቅላትህ አውጣና ዜማውን ብቻ አንጎራጉር። ዝግ ያለ ነው! እንጉርጉሮ ነው፣ ለቅሶ ይመስላል። የባንዱ ምሥጢር እዚህ ጋ ነው። ከሥር ማዕበል፣ ከላይ ረጅም ዜማ። ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት ስለሚሄዱ ጆሮህ ዕረፍት አያገኝም።

«ሬይንካዎስ» ላይ ሪፉም (ተደጋግሞ የሚመጣው የጊታር ሐረግ) ድራሙም እኩል ይራመዳሉ። ያ መሳሳብ የለም። ዜማዎቹ ያምራሉ፣ እሱን አልክድም። ዮን መጥፎ ዜማ ጽፎ አያውቅም። ግን የሚታገላቸው ነገር ከሥራቸው ጠፍቷል።

ዝግታውን እየጠላሁ እንዳይመስልህ። «ስቶርም» ላይ ያለው «ዌር ዴድ ኤንጅልስ ላይ» ራሱ ዝግ ያለ ዘፈን ነው፤ ለእኔ የባንዱ ትልቁ ሥራ ግን እሱ ነው። እዚያ ላይ ከባዱ ሪፍ ይቆምና ያልተበረዘ (ድምፁ ያልሻከረ) ጊታር ብቻውን ይቀራል፣ ሹክሹክታ ይመጣል፣ ቅዝቃዜው ይገባሃል። የ«ስቶርም» መዝጊያ ደግሞ አንድ ደቂቃ ተኩል የማይሞላ ፒያኖ ነው። ያለ አንዲት ቃል። እምነት ካልክ እኔ እሱ ላይ ነው የሰማሁት። «ሬይንካዎስ» ያመነውን በሙሉ ይነግርሃል፤ «ስቶርም» ግን አንተኑ ያስፈራሃል።

ሐና_ዘ

እኔ ባንዱን ያወቅሁት በ«ሬይንካዎስ» ነው። ስለዚህ ከምንም ጋር ሳላወዳድር ሰማሁት። «ስታርለስ ኢዮን» በመጀመሪያው ቀን ነው ጆሮዬ ላይ የቀረው። አዝማቹ ከዚያ ወዲያ አልወጣም። ኤክስትሪም ሜታል ውስጥ ቃሉ ሁሉ የሚለይበት ጩኸት ስንት ሰው አለው? ዮን ያንን ይችል ነበር። ስድስት_ገመድ ስለ ዜማና ድራም ያልከው ግን ዓይኔን ገልጦልኛል፤ «ናይትስ ብለድ»ን ዛሬ እንደገና እሰማዋለሁ።

መዝገበ_አማልክት

ሙዚቃውን ለእናንተ ልተወውና እምነቱን ላንሳ፤ ምክንያቱም በዚህ አልበም ላይ የሚወራው «ሰይጣናዊ ነው» ተብሎ ብቻ ይታለፋል። ነገሩ ከዚያ የጠለቀ ነው፣ ደግሞም ሊሞገት ይገባዋል።

ዮን ሚሳንትሮፒክ ሉሲፌሪያን ኦርደር የሚባል፣ በ1990ዎቹ ስዊድን ውስጥ የተመሠረተ ማኅበር አባል ነበር። የአልበሙ ግጥም በዚያ ትምህርት ላይ ቆሟል። ትምህርቱ ፀረ-ኮስሚክ ይባላል። ባጭሩ፦ ይህ ዓለም ሕግ፣ ጊዜና ቅርጽ ያለው እስር ቤት ነው። ከእሱ በፊት ቅርጽ የሌለው ትርምስ ነበር። የሰው መንፈስ ከዚያ የወጣች ብልጭታ ናት፤ ወደዚያው መመለስ ትፈልጋለች።

ይህ ሐሳብ ከየት መጣ? ግማሹ ከጥንታውያን ግኖስቲኮች ነው፤ መዳን በምሥጢራዊ እውቀት ነው ይሉ ከነበሩት። በ1945 ግብፅ ውስጥ ናግ ሐማዲ አጠገብ የተገኙት የኮፕት ጽሑፎች ላይ ያልዳባዎት የሚባል አላዋቂ ፈጣሪ አለ። ዓለምን ሠርቶ «እኔ ብቻ ነኝ አምላክ» ይላል። ነፍስ ከእሱ እጅ ማምለጥ አለባት። እስከዚህ ድረስ ይመሳሰላሉ። ልዩነቱ መድረሻው ላይ ነው። ጥንታውያኑ ከፈጣሪው በላይ ብርሃንና ምሉዕነት አለ ብለው ያምኑ ነበር፤ ነፍስም የምትሄደው ወደዚያ ነው። እነ ዮን ያንን ብርሃን አነሱትና በቦታው ትርምስን አስቀመጡ። ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም። የመጀመሪያው እምነት ተስፋ አለው፤ ይህኛው ያለው ማፍረስ ብቻ ነው።

የባቢሎንን የፍጥረት ታሪክም ወስደዋል። እዚያ ማርዱክ ቲያማትን ይገድላታል፣ አካሏን ለሁለት ከፍሎ ሰማይና ምድር ይሠራል። እነዚህ ሰዎች ከቲያማት ጎን ቆሙ። ቁጥርም ይወዳሉ። የመጀመሪያው ትራክ «ኔክሲየን 218» ነው፤ 2፣ 1 እና 8 ሲደመሩ 11 ይሆናሉ። ትራኮቹም 11 ናቸው። በካባላ (በአይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት) የሕይወት ዛፍ 10 ማዕረጎች አሉት። 11 ከሥርዓቱ ውጭ የወጣው ቁጥር ነው።

አሁን ሙግቴ። «ዜፐር ኢ ሴት» የሚለው ዘፈን ሴት የሚባለውን የግብፅ አምላክ ይጠራል። ሴት በርግጥ የማዕበልና የበረሃ አምላክ ነው፤ ወንድሙን ኦሲሪስን የገደለም እሱ ነው። ነገር ግን በግብፅ ጽሑፎች ውስጥ ሌላ ሥራ አለው። የፀሐይ አምላክ ራ በሌሊት በጀልባ ሲጓዝ ሴት ከፊት ይቆማል። ምን ሊያደርግ? አፔፕን በጦር ሊወጋ! አፔፕ ማለት ደግሞ የትርምስ እባብ ነው። ማለትም ዓለም በየሌሊቱ እንዳትፈርስ የሚዋጋው ራሱ ሴት ነው። ይህን አምላክ የዓለም መፍረስ ጠበቃ ማድረግ ምንጩን ከመሃል መቁረጥ ነው።

«ማሃ ካሊ»ም እንደዚያው። በሂንዱ እምነት ካሊ የራስ ቅል ሐብል ታጠልቃለች፣ ምላሷን ታወጣለች፣ አስፈሪ ናት። ግን ቤንጋል ውስጥ ያለ አማኝ የሚጠራት «እናቴ» ብሎ ነው። የምታጠፋው ክፋትንና ድንቁርናን ነው፤ ልጆቿን ትጠብቃለች። አልበሙ አስፈሪ ፊቷን ወስዶ እናትነቷን ለራሱ ዓላማ ለወጠው። ዘፈኑ ግን ውብ ነው፤ የሴት ዘፋኝ ድምፅ ሲገባበትማ በጣም። ዜማውን ወድጄ ሐሳቡን መሞገት እችላለሁ፤ ሁለቱን አንድ ላይ መዋጥ የለብኝም።

የማታ_ዜማ

@መዝገበ_አማልክት እጅግ አመሰግናለሁ፤ ይህን የመሰለ መልስ ስፈልግ ነበር። የግብፁን አምላክ የሴትን ጉዳይ እቀበላለሁ። ሆኖም አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ሰዎች የሃይማኖት ታሪክ ሊያስተምሩን አልነበረም ሐሳባቸው። ከየአገሩ ስም ሰብስበው የራሳቸውን አዲስ ጸሎት ሠሩ። ትክክል ነው አይደለም የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። እኔን የሚስበኝ እምነቱ ሙዚቃውን እንዴት እንደለወጠው ነው። በ1995 ሌሊቱ ስሜት ነበር። በ2006 ሌሊቱ ዶግማ ሆነ። ዶግማ ደግሞ ግልጽ መሆን ይፈልጋል። ለዚህ ነው ፕሮዳክሽኑ (የቀረጻው ድምፅ) ሳይቀር የጠራው። «ስቶርም» ላይ ድምፁ ከሩቅ፣ ከበረዶ ጀርባ ይመጣል። እዚህ ፊትህ ቆሞ ነው የሚናገርህ።

ጸጋ_በዛ

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ስሜቱን ላበላሽ አይደለም። እኔ አማኝ ነኝ። ሜታል እወዳለሁ፤ ሁለቱን ይዤ ነው የምኖረው። «ስቶርም»ን እሰማለሁ፤ ሞትና ክረምት ለማንም ሰው የሚሆን ርዕስ ነው። «ሬይንካዎስ» ላይ ግን ቆምኩ። የማታ_ዜማ ራሱ እንዳለው ጸሎት ነው። ጸሎት ከሆነ አብሬ ላንጎራጉረው አልችልም። አፌ የማላምነውን እየለመነ ልቤ «ሙዚቃ ብቻ ነው» ቢል ራሴን ማታለል ይሆንብኛል። አልበሙን የማላዳምጠው ስለናቅሁት አይደለም። ቃሉን እንደ ቁም ነገር ስለወሰድኩት ነው።

ሌላው ግድያው ነው። የሞተው ሰው አልጄሪያዊ ነበር፤ ከሙዚቃው ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ስለ ባንዱ ሲጻፍ እሱ በአንድ መስመር ይታለፋል፤ ስለ ዮን ግን ገጽ ሙሉ ይተረካል። ይህ ያመኛል።

ሐና_ዘ

ጸጋ፣ ስለ ሟቹ ያልከው ልክ ነው። እኔም የምጨምረው አለኝ። የዮንን አሟሟት «የአልበሙ የመጨረሻ ምዕራፍ» እያሉ የሚያስውቡ ሰዎች አሉ። እባካችሁ ይህን አናድርግ። አንድ የ31 ዓመት ሰው ሞተ። ቤተሰብ ነበረው፣ ጓደኞች ነበሩት። አልበሙ የሚቆመውም የሚወድቀውም በዘፈኖቹ ነው። ሞቱ አንድም ሪፍ የተሻለ አላደረገለትም።

ስድስት_ገመድ

ሐና ያለችው ላይ ምንም አልጨምርም።

ጸጋ፣ አቋምህን አከብራለሁ። የእኔ ግን የተለየ ነው። እኔ የዮንን ሥራ የምሰማው ጊታር ለመማር ነው። ሰውዬው ያደረገውን አውቃለሁ፤ አውቄም እሰማዋለሁ። ስለ እሱ ለአዲስ ሰው ባወራሁ ቁጥር ግድያውን አብሬ እናገራለሁ፤ መደበቅ የለብንም። ከዚያ ወዲያ የሚሰማም የሚተውም ራሱ ይወስን።

ጀማሪ_ጆሮ

ሁሉንም አነበብኩ፤ ደስ የሚል ውይይት ነው። ሜሎዲክ ብላክ ሜታል ብዙም አልሰማሁም። ከየት ልጀምር? ጩኸቱን ገና አልለመድኩትም።

ስድስት_ገመድ

«ዌር ዴድ ኤንጅልስ ላይ»። ሌላ ምንም አትንካ መጀመሪያ። ከዚያ «ቶርንስ ኦቭ ክሪምሰን ዴዝ»ን፤ ባልተበረዘ ጊታር ስለሚጀምር ቀስ ብሎ ያስገባሃል። ጩኸቱን ለጊዜው እርሳው፤ ጊታሩን ተከተል። ዜማው እዚያ ነው ያለው። ጆሮህ ሲለምድ «ናይትስ ብለድ»ን ክፈት።

የ«ስቶርም»ን ሽፋንም በትልቁ ተመልከተው። የኔክሮሎርድ ሥራ ነው፤ የእውነት ስሙ ክሪስቲያን ዎሊን። በሰማያዊ በረዶ መሃል ሞት ፈረስ ላይ ተቀምጧል። የኖርዌዩን ብላክ ሜታል ባንድ የኤምፐርን «ኢን ዘ ናይትሳይድ ኢክሊፕስ» ሽፋንም የሠራው እሱ ነው። የዚያ ዘመን ብላክ ሜታል በዓይናችን የሚታየን በእሱ ሰማያዊ ቀለም ነው።

የማታ_ዜማ

@ጀማሪ_ጆሮ ጩኸቱ ከከበደህ እኔ ደግሞ «ሬይንካዎስ»ን ነው የምመክርህ፤ ቅድም ሐና በእሱ ነው የገባችው።

@ስድስት_ገመድ ወደ አንተ ልመለስ፤ ትልቁን ማስረጃዬን አልነገርኩህም። በ2004 አልበሙ ሳይወጣ «ማሃ ካሊ» ለብቻው በነጠላ ወጥቶ ነበር። በዚያው ሲዲ ላይ ሁለተኛው ዘፈን ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ከ«ስቶርም» ላይ ያለው «አንሃሎውድ»፣ በአዲሱ ባንድ እንደገና ተቀድቶ። ሁለቱን አከታትለህ ስማቸው። እነዚያው ሰዎች ናቸው፣ በዚያው ዘመን። «አንሃሎውድ» ይበርራል። ድራሙ ያብዳል፣ ጊታሩ ከላይ ረጅሙን ዜማ ይስባል፤ አንተ የምትለው መሳሳብ በሙሉ እዚያ አለ። ከጎኑ «ማሃ ካሊ» ዝግ ብሎ እየተራመደ፣ ስሟን እየጠራ ይሄዳል። ስለዚህ አቅም አጥተው አይደለም። እስር ቤት እጁን አላሰረውም። የድሮውን መንገድ ያውቁታል፣ ይችሉታል፣ ሆን ብለው ተዉት።

ስድስት_ገመድ

ይህ ጥሩ ነጥብ ነው። ሲዲውን አውቀዋለሁ፤ ሁለቱን በዚህ መልኩ አስተያይቶ ያቀረበ ሰው ግን አላየሁም። ምርጫ ነበር በሚለው እንስማማ። እኔ የምለው ምርጫው ዋጋ አስከፍሎታል ነው። «ብላክ ድራገን»ን ስሰማ ሪፉ ጠንካራ ነው፣ አንገት ያነቃንቃል፤ ግን ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ ቀጥሎ የሚመጣውን አውቄዋለሁ። «ቶርንስ» ስምንት ደቂቃ ገደማ ሆኖ አንድም ቦታ ላይ አልቀደምኩትም።

መዝገበ_አማልክት

አማኝ ጸሎቱ ቀጥሎ ምን እንደሚል ቢያውቅ ቅር አይለውም። እንዲያውም ስለሚያውቀው ነው የሚገባበት። የማታ_ዜማ ሐሳብ በዚህ በኩል ያስኬዳል። ችግሩ ከእምነቱ ውጭ የቆመ አድማጭ ምን ያድርግ የሚለው ነው። የሌላ ሃይማኖት መዝሙር ቃሉ ሳይገባን እንኳ የሚያስለቅሰን ጊዜ አለ። «ሬይንካዎስ» እኔን እዚያ የሚያደርሰኝ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ «ማሃ ካሊ» ላይ፣ እና «ኬኦሶፊያ» በምትባለው አጭር ያለ ቃል ሙዚቃ ላይ።

ጸጋ_በዛ

«ኬኦሶፊያ»ን እንግዲህ እኔም መስማት እችላለሁ ማለት ነው፤ ቃል ከሌለው። ዛሬ ማታ እሞክራታለሁ።

ሐና_ዘ

እንዲህ ያለ እምነትና የድሮውን ጥድፊያ አንድ ላይ የያዘ አልበም የለም ወይ? የሁለታችሁንም ክርክር የሚያስታርቅ ማለቴ ነው።

የማታ_ዜማ

አለ፤ የስዊድኑ ብላክ ሜታል ባንድ የዋታይን «ሎውለስ ዳርክነስ»፣ 2010። የኡፕሳላ ልጆች ናቸው። ዘፋኙ ኤሪክ ዳኒየልሰን በዲሴክሽን የመጨረሻ ዓመታት መድረክ ላይ ቤዝ ይጫወትላቸው ነበር። ሴት ቴይታንም በኋላ ከዋታይን ጋር ሠርቷል። ስለዚህ ቅርሱ በቀጥታ ነው የተላለፈው። የመጨረሻው ትራክ «ዋተርስ ኦቭ ኤይን» ከ14 ደቂቃ በላይ ነው፤ የእንግሊዙ ጎቲክ ሮክ ባንድ የፊልድስ ኦቭ ዘ ኔፊሊም ዘፋኝ ካርል መኮይ በድምፁ ይገባበታል። ሐሳቡ ያው ነው፣ ከፍጥረት ባሻገር ወዳለው ባዶነት መመለስ። ግን ስድስት_ገመድ የሚፈልገው ነገር እዚያ ላይ አለ። መጨረሻው አካባቢ ቃሉ ሁሉ ይቆምና ጊታሩ ብቻውን ዜማውን ይዞ ይሄዳል፤ ሳይቸኩል፣ ለደቂቃዎች።

ስድስት_ገመድ

እሱን ዘፈን ጊታሬ ላይ አውጥቼዋለሁ። ሶሎው አስቸጋሪ አይደለም፤ ኖታዎቹን ማንም ጀማሪ ይጫወታቸዋል። የሚከብደው እያንዳንዱን ኖታ እስኪያልቅ ድረስ መያዝ ነው። ጀማሪ_ጆሮ፣ ለአንተም «ዌር ዴድ ኤንጅልስ ላይ» ካለቀ በኋላ ይህን አስከትለው።